መኪና ከሌባ ስለሚጠብቅ ትንሽ ራዲዮ

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኅብረቱ ዛሬ ማታ እንድንናገር በጋበዘን ጊዜ ርእሳችሁ ምንድን ነው ተብለን ተጠየቅን፤ «የሌባ ነገር ነው» ብለን ብንመልስ ጠያቂያችን ሳቀ። አልፈረድንበትም። ከእኛ በፊት በዚህ ሥፍራ የቆሙት ሁሉ የተናገሩት ስለ አገር ልማትና ስለ ሕዝብ ጤና ነው፤ እኛ የምንናገረው ግን ከመዳፍ ስለማትበልጥ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ይሁን እንጂ ይህችን ሣጥን ለመሥራት ስምንት ወር ፈጅቶብናል፤ ሁለት ጊዜ አፍርሰን ሠርተናታል፤ አንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ሠፈር ከእንቅልፉ ቀስቅሳ አሰድባናለች። እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እናንተ እንዳትወድቁ ያየነውን ሁሉ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

እኛ ሰባት ነን። አራታችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና፣ ሁለታችን የፊዚክስ፣ አንዳችን ደግሞ የሕግ ተማሪ ነን። የሕግ ተማሪው እንዴት እንደ ገባ እንጃ፤ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ በዚያው ቀረ። በኋላ ግን፣ እንደምትሰሙት፣ ጠቅሞናል።

ከሰባታችን የሦስታችን ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ አንዱ ሰበታ፣ አንዷ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ እንደሚገኙ ለእናንተ መንገር አያሻም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነዋል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም የሚጣራው በየራሳቸው ስም ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ ቀን አዲስ አበባ ሲሠራ የዋለ ብዙ ሰውና ብዙ መኪና ማታ የሚያድረው እዚያ መሆኑ ነው። ቤቱ ጠባብ፣ የግቢው በርም ከሰውና ከበግ በቀር የማያስገባ ሲሆን፣ መኪናው ወይ በደጅ ያድራል፣ ወይ በወር ሒሳብ መኪና ከሚያሳድር ሰው ግቢ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበችን ባጃጅ ናት። ባጃጅ እንዴት እንደምትገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዕቁብ ይወጣል፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ይታከልበታል፣ ዘመድም የሚችለውን ይጨምርበታል። አንዲቷ ባጃጅ የአንድን ቤተ ሰብ የቤት ኪራይ፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያና ያላለቀውን የዕቁብ ዕዳ ተሸክማ ነው ሰው የምትጭነው። ባለቤቷ ጠዋት ተነሥቶ ባያገኛት እሷ ትሄዳለች፤ ዕዳው ግን እዚያው ያድራል። ሌባው ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉውን አይወስድም። ስፖኪዮ ይነቅላል፣ ተቀያሪ ጎማ ያወርዳል፣ ባትሪ ይፈታል። ባትሪው የተፈታበት ሰው በማግስቱ ሥራ አይወጣም፤ የባትሪውን ዋጋ እስኪያገኝ የሳምንት ገቢውን ያጣል።

«ታዲያ የመኪና አላርም አለ አይደለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ የሚሸጡ መኪናዎች፣ ትክክለኛው ቁልፍ ካልቀረበ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያግድ መሣሪያ እንዲኖራቸው ከታዘዘ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ነው። ዲ ኤክስ የምንላት አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ግን ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራች ናት። ባለቤቶቿ ከገበያ የሚገዙላት አላርም ሲነካ የሚጮኸውን ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱ አላርም ችግር ደግሞ ጩኸቱን ሁላችንም የለመድነው መሆኑ ነው። ድመት ኮፋኖ ላይ ስትዘል ይጮኻል፤ ነጎድጓድ ሲመታ ይጮኻል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ ይጮኻል። ሌሊት ስንሰማው የማናችን አላርም ነው ብለን አንነሣም፤ ዝም በሉት እያልን ብርድ ልብሳችንን እንስባለን እንጂ። እንዲያውም በእርግጠኝነት የሚሰማው ሌባው ብቻ ነው፤ ሰምቶም ሽቦውን የት እንደሚበጥስ ያውቃል።

እኛም የተነሣነው ከዚህ ጥያቄ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን መስማት ያለበት ማን ነው? መንደሩ አይደለም፤ ሌባውም አይደለም። ትራሱ ላይ የተኛው ባለቤት ነው። ራዲዮ ያስፈለገንም ለዚህ ነው፤ መኪናው በደጅ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ድምፁን አልጋው አጠገብ ልናሰማ።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በመኪናው ውስጥ የሚደበቀው ማሰራጫ ነው፤ ሁለተኛው በቤት ውስጥ የሚቀመጠው መቀበያ ነው። ማሰራጫው በ433.92 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራ፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፣ ሦስትና አራት እግር ያለው ዕቃ ነው፤ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ተሠርቶ ይገኛል። ዋጋውን በብር አንነግራችሁም፤ ዛሬ የነገርናችሁ ነገ ይለወጣልና። እርሱን የሚያናግር አንድ ትንሽ አርዱዊኖ እንጨምርበታለን። አርዱዊኖ ትእዛዝ ተጽፎለት እንደ ተጻፈለት የሚሠራ ሰሌዳ መሆኑን የምሕንድስና ተማሪዎች ታውቃላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን እንደ አንድ ታዛዥ ዘበኛ ቍጠሩት።

ዘበኛው ሌባ መምጣቱን በምን ያውቃል? በመኪና ላይ ይህ ቀላል ነው። በር ሲከፈት የውስጥ መብራት የሚያበራ ትንሽ ማብሪያ በበሩ ምሰሶ ላይ አለ፤ በሩ ሲከፈት ሽቦውን የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች ማሳ ከሚሉት ከብረት አካሉ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ ሽቦ አንድ ቅርንጫፍ ወስዶ ለአርዱዊኖው መስጠት ነው፤ ነገር ግን የመኪናው ባትሪ 12 ቮልት፣ ሰሌዳው ግን 5 ቮልት የሚችል ስለ ሆነ በመካከሉ ሬዚስተርና ዳዮድ ካልገባ ሰሌዳው ይቃጠላል። ሁለት አቃጥለናል። ባጃጅ ግን በር የላትም! ሌባው ሞተሯን እንኳ ሳያስነሣ ገፍቶ ሊወስዳት ይችላል። ስለዚህ በኋላ ጎማዋ ከበሮ ላይ አንዲት ማግኔት አጣበቅን፤ ፊት ለፊቷም ማግኔት ሲቀርበው የሚዘጋ፣ በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ የታሸገ ማብሪያ አሰርን። የብስክሌት ፍጥነት መቍጠሪያ የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው። ጎማው አንድ ዙር ሳይሞላ ዘበኛው ያውቃል።

የመጀመሪያውን ሣጥን የገጠምነው ሰበታ፣ በጓደኛችን ጎረቤት ባጃጅ ላይ ነው። የባጃጇ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የሚነዳው ልጃቸው ነው። ባጃጇ የምታድረው ከቤታቸው ማዶ፣ ሌሎች መኪናዎችም ከሚያድሩበት ግቢ ነው። ማሰራጫውን ከመቀመጫው ሥር ደበቅን፤ መቀበያውን ከአልጋቸው ራስጌ ሰቀልን፤ ልጁ ባጃጇን ሲገፋት መቀበያው ጮኸ። ደስ አለን። ቡና ተፈላልን። እሳቸው ግን ሲኒውን እንደ ያዙ ሣጥኗን ትኵር ብለው አዩና፣

«ልጆቼ፣ ይቺ ዝም ካለች ባጃጇ ደኅና ናት ማለት ነው?» አሉን።

«አዎን እማማ፣ ዝም ካለች ደኅና ናት።»

«ሞታ ዝም ያለች እንደ ሆነስ? በምን አውቃለሁ?»

ሁላችንም ተያየን። እማማ ቀጠሉ፤ «የሠፈራችን ዘበኛ ሌሊቱን በየጊዜው ፊሽካውን ይነፋል። ሲነፋ እንተኛለን። የምንነቃውማ ያልነፋ ዕለት ነው!»

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ በአራት ዓመት ትምህርት ያላሰብነውን እማማ በአንድ ሲኒ ቡና አሰቡት። የሠራነው መሣሪያ ሌባ ሲነካው የሚጮኽ ነበር። ሌባው ግን ቀድሞ የባትሪውን ሽቦ ቢበጥስ ሣጥኗ አትጮኽም። ሣጥኗን አግኝቶ ቢሰብራት አትጮኽም። በዚያው ሞገድ ላይ የሚረብሽ ሌላ ማሰራጫ ቢያበራ ጩኸቷ አይደርስም። ልጁ ሣጥኗን ማብራት ቢረሳም ያው ነው። በእነዚህ ሁሉ ጊዜ መቀበያው ዝም ይላል፤ እማማም ዝምታውን ደኅንነት አድርገው ይተኛሉ። እንግዲህ አላርም የሌለው ሰው ቢያንስ በአንድ ዓይኑ ነው የሚተኛ፤ እኛ ያንንም ዓይን አስጨፈንነው ማለት ነው።

ስለዚህ አፈረስናትና በዘበኛው ሥርዓት እንደገና ሠራናት። አሁን ማሰራጫው ሌሊቱን ሙሉ በየአምስት ሴኮንዱ አጭር ቃል ይልካል፤ ቃሉም «አለሁ» ማለት ነው። መቀበያው ይህን ቃል በሰማ ቍጥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ያደርጋል እንጂ አይጮኽም። አራት ጊዜ ተከታትሎ ያልሰማ እንደ ሆነ ግን ይጮኻል። ባትሪ ቢፈታ ይጮኻል፤ ሣጥኗ ብትሰበር ይጮኻል፤ ሞገዱ ቢረበሽ ይጮኻል፤ ባጃጇ ርቃ ብትሄድም ይጮኻል። ጎማው ሲዞር ደግሞ «አለሁ» በማለት ፈንታ «ተነካሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ መቀበያው አራቱን አይጠብቅም።

አራት ጊዜ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ራዲዮ አንዳንዴ ቃል ይጥላል፤ አንድ ቃል በወደቀ ቍጥር ቢጮኽ ማንም አያምነውም። ብዙ ብንጠብቅ ደግሞ ሌባው ይርቃል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ባጃጅ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ታልፋለች። በመጀመሪያ በየ20 ሴኮንዱ እንዲልክ አድርገነው ነበር፤ አራቱ ቃል 80 ሴኮንድ ስለሚሆን ባጃጇ እስክትታወቅ 900 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ይህ ከሠፈሩ ወጥታ አስፋልት ገባች ማለት ነው። በየአምስቱ ሲሆን 20 ሴኮንድ ነው፤ 220 ሜትር ያህል። ቃሉ ራሱ የሚፈጀው የሴኮንድ 20ኛ እጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከአምስቱ ሴኮንድ ከመቶ አንድ እጅ ነው የሚናገረው፤ ባትሪውንም እምብዛም አይበላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ግቢ ሁለት ሣጥኖች ቢኖሩና ሁለቱም በየአምስት ሴኮንዱ ልክ ቢናገሩ፣ አንድ ጊዜ የተገጣጠሙ እንደ ሆነ ለብዙ ጊዜ እየተገጣጠሙ ይቀጥላሉ፤ የሁለቱም ቃል ይጠፋል። መድኃኒቱ ሥርዓትን ትንሽ ማዛባት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን አንዴ በአራት ሴኮንድ ተኵል፣ አንዴ በአምስት ሴኮንድ ከሩብ፣ እንደ ዕጣ እንዲናገር አደረግን። በሃዋይ ደሴቶች ያሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1971 ኮምፒውተሮችን በራዲዮ ሲያገናኙ፣ ንግግራቸው የተጋጨ ማሰራጫዎች እንደ ዕጣ የተለያየ ጊዜ ቆይተው ደግመው እንዲልኩ ማድረጋቸውን ያነበብነው በኋላ ነው። ቀድመን አንብበን ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት እናተርፍ ነበር።

የቡራዩው ጉዳይ አጭር ነው። ጓደኛችን ቤታቸው ተዳፋት ላይ ነው፤ የአባቷ ዲ ኤክስ የምታድረው ከታች፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው። ርቀቱ 40 ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን አንድም ቃል አልደረሰም። ጥፋቱ በከፊል የእኛ ነበር። የ433.92 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 69 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንቴናው የዚህ ሩብ፣ ማለት 17 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለ ሽቦ መሆን ይገባዋል። እኛ ግን ሣጥኗ እንድታምር ብለን ሽቦውን ጠቅልለን ከባትሪው አጠገብ ከተን ዘግተንበት ነበር። አወጣነውና ከመሪው ፊት ባለው ፕላስቲክ ሥር ዘረጋነው፤ ብረት እንዳይጋርደው ማለት ነው። የቀረው የቆርቆሮው ነገር ነው። ቆርቆሮ ለራዲዮ ሞገድ እንደ መስተዋት ነው፤ ሞገዱ ከአጥር ወደ ጣራ፣ ከጣራ ወደ አጥር ሲንጸባረቅ በአንዱ ሥፍራ ይደራረባል፣ በሌላው ይጠፋፋል። በተደራረበበትና በጠፋበት መካከል ከአንድ ስንዝር ያነሰ ርቀት ነው ያለው። ስለዚህ ራዲዮው አልሠራም ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት መቀበያውን በግድግዳው ላይ ስንዝር ስንዝር እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ። የጓደኛችን አባት «ግድግዳዬን በምስማር ወንፊት አደረጋችሁት» ብለው ተቈጡን፤ ነገር ግን በስድስተኛው ምስማር ላይ ሠራ።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንውጣ፤ የተሰደብነው እዚያ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ያደረ ያውቀዋል። እዚያ የገጠምነው በአንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ነው። ባለቤቱ ጐልማሳ ሰው ናቸው፤ እንቅልፋቸው ከባድ ስለ ሆነ መቀበያው ላይ ትልቅ ሳይረን አስገጠሙን። ሦስት ሌሊት በሰላም አለፈ። በአራተኛው፣ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሳይረኑ ጮኸ። ሠፈሩ ዱላውን ይዞ ወጣ። አይሱዙው እንደ ቆመ ነው። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛችን ሲያልፍ አንዲት አሮጊት «አንተ የሌባ መጥሪያ የምትሸጠው ልጅ!» ብለው ጠሩት።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ነፋስን ነበር፤ አይደለም። ቀጥሎ በጎጃም መንገድ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ጠረጠርን፤ እነርሱም አይደሉም። አንድ ሌሊት አራታችን እዚያው አድረን፣ ቴርሞሜትር ይዘን፣ አረንጓዴዋን መብራት ስንቈጥር አነጋን። እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት ድረስ አንድም ቃል አልወደቀም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ብርዱ እየጠና ሲሄድ፣ አልፎ አልፎ መውደቅ ጀመረ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱ ከሁሉ በበረደበት ጊዜ፣ አራት ተከታትለው ወደቁ፤ ሳይረኑም ጮኸ። ጥፋተኛው ብርዱ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። መቀበያችን ከሁሉ የረከሰው ዓይነት ነበር፤ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው በሱፐር ሪጀነሬቲቭ ዘዴ የሚሠራ። የሚሰማውን ሞገድ የሚወስንለት አንዲት የሽቦ ጥቅልና አንድ ካፓሲተር ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ሲበርዳቸው ጠባያቸው ትንሽ ይለወጣል። መቀበያው የነበረው ሰውየው እሳት በማያነዱበት፣ በቆርቆሮ በተሠራ የዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ማሰራጫው ግን ሞገዱ በብርድ እምብዛም የማይናወጥ ድንጋይ፣ ማለት ሬዞኔተር፣ አለበት። ስለዚህ ሌሊት ማሰራጫው በቦታው ጸንቶ ሲናገር መቀበያው ጆሮውን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ይኸው አርምስትሮንግ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ሱፐር ሄትሮዳይን የሚባለውን ሌላ ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ በዚህ ዘዴ የሚሠራውና ክሪስታል ያለው መቀበያ ከፊተኛው ጥቂት ይወደዳል እንጂ ብርድ አያዞረውም። ለወጥነው። ከዚያ ወዲህ ሱሉልታ በሰላም ያድራል። በርካሹ ዕቃ ያተረፍነውን ገንዘብ ወደ ሱሉልታ በተመላለስንበት የታክሲ ሒሳብ ከነወለዱ ከፍለነዋል።

ልብ በሉ፤ መሣሪያው በሰበታ ሥርዓት፣ ዝምታን እንዲፈራ ሆኖ ባይሠራ ኖሮ፣ መቀበያው በብርድ እንደሚደነቍር ማንም አያውቅም ነበር። አይሱዙው በዐሥራ አንድ ሰዓት ቢሰረቅ መቀበያው ዝም ብሎ ያድር ነበር። የተሰደብነው ጥፋታችን ስለ ታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን ስድብ እንወስደዋለን።

ስለ ምሥጢር ቃሉም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም በዚህ ያፈርነውን ያህል በሌላው አላፈርንም። በመጀመሪያዋ ሣጥን ቃሉን የምታወጣው ፒ ቲ 2262 የምትባል ቺፕ ነበረች። ይህች ቺፕ ባለቤቱ የራሱን ምሥጢር እንዲመርጥባት የተተዉ እግሮች አሏት፤ ስምንቱ እግሮች እያንዳንዳቸው በሦስት ዓይነት ሊታሰሩ ስለሚችሉ 6,561 ልዩ ልዩ ምሥጢር ይወጣል። እኛ ግን ለሙከራ ነው ብለን አንዱንም ሳናስር፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ተውናት። በዚያው የሰበታ ሠፈር በሪሞት የሚከፈት የብረት በር ያለው አንድ ግቢ ነበር፤ ያም በር ሲገጠም እግሮቹን ያሰረለት የለም። እንግዲህ የእኛ ሣጥን «ሌባ!» ብላ በጮኸች ቍጥር የጎረቤቱ በር ወለል ብሎ ይከፈት ነበር! ባለቤቱ ሦስት ቀን በሩን የሚከፍተው ጋኔን ነው ወይስ መብራት ኀይል ሲል ቆይቶ በመጨረሻ እኛን አገኘን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ የእርሱንም በር እግሮች በነጻ አሰርንለት።

አሁን ግን ምሥጢሩን የሚያወጣው አርዱዊኖው ነው። እያንዳንዱ «አለሁ» ተራ ቍጥር አለው፤ ቍጥሩም ሁለቱ ሣጥኖች ብቻ ከሚያውቁት ምሥጢር ጋር ተቀላቅሎ ይላካል። የትናንቱን «አለሁ» በመሣሪያ ቀድቶ ዛሬ ባጃጇን እየነዳ የሚያሰማ ሌባ ቢመጣ፣ ቍጥሩ ያለፈ ስለ ሆነ መቀበያው አይቀበለውም። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የመኪና ሪሞቶች በዚህ መንገድ መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገር ግን ዘዴውን ደብቆ መያዝ ብቻ አያድንም። በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በብዙ መኪናዎች ሪሞት ውስጥ የገባው ኪሎክ የሚባለው የምሥጢር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በአውሮፓና በእስራኤል ተመራማሪዎች ተፈትቷል። ስለዚህ እኛ የተጠቀምንበትን ዘዴ ለማንም እናሳያለን፤ የማናሳየው የእያንዳንዱን ሣጥን የምሥጢር ቍጥር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እሺ ስላላልንበት ጉዳይ እንናገር። የአይሱዙው ባለቤት መሣሪያው ሲሠራ ባዩ ጊዜ፣ «ታዲያ በዚሁ ራዲዮ ሞተሩን ከቤቴ ሆኜ ማጥፋት እንድችል አድርጉልኝ፤ ሌባው መንገድ ላይ ይቅር» አሉን። መሥራቱ አያስቸግርም፤ አንድ ሪሌይና ሃያ መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል። ከመካከላችንም ሁለቱ እሺ ብለው ነበር። ተከራከርን፤ እስከ እኩለ ሌሊት። ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርደውን ቍልቍለት የምታውቁ፣ ጭነት የያዘ መኪና በዚያ ሲወርድ ሞተሩ ቢጠፋ ምን እንደሚከተል አስቡት፤ በሞተሩ ኀይል የሚታገዘው ፍሬንና መሪ ይደክማል። የሚያጠፋው ሌባ ሲነዳው ብቻ ነው ያለን ማን ነው? የእኛ ራዲዮ በብርድ የሚሳሳት፣ የጎረቤት በር የሚከፍት ራዲዮ ነው! መንገድ ላይ ያለው እግረኛ ደግሞ በክርክራችን ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። በመጨረሻ የተስማማነው በሞተሪኖው መስመር ላይ ብቻ ሪሌይ እንድንገጥም ነው፤ ቆሞ ያደረ መኪና እንዳይነሣ ያግዳል፤ የተነሣውን ግን አይነካም። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ አኰረፉ። እኛም እስከ ዛሬ አሳባችንን አልለወጥንም።

የሕግ ተማሪያችን የጠቀመን አንቴናው በጣም ደካማ ነው እየተባለ፣ የኀይል ማጉያ ይጨመርበት የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ ነው። የራዲዮ ሞገድ እንደ ውኃና እንደ መንገድ የጋራ ሀብት መሆኑን፣ በአገራችንም በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሚያስተዳድረው አስረዳን። ማሰራጫችን በጣም ትንሽ ኀይል፣ የአንድ ዋት መቶኛ ያህል፣ የሚያወጣ ነው። ማጉያ የጨመረበት ሰው ግን የእናት ባጃጅ ሲጠብቅ የሌላውን ሁሉ ጆሮ ይደፍናል፤ በሕግም ይጠየቃል። እናንተም ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ማጉያውን ተዉት፤ የምትሠሩትንም ከመግጠማችሁ በፊት ከባለሥልጣኑ ጠይቁ።

አንዳንዶች በሳተላይት አቅጣጫ አግኝቶ በስልክ መስመር የሚናገረው ጂፒኤስ አይሻልም ወይ ይሉናል። የተለየ ሥራ ነው ያለው። እርሱ መኪናው ወዴት እንደ ሄደ ይናገራል፤ የእኛው ሊሄድ መሆኑን ይናገራል። እርሱ ኔትወርክና የስልክ ሒሳብ ይፈልጋል፤ የእኛው መብራት በጠፋበት፣ ኔትወርክም በተቋረጠበት ሌሊት ይሠራል። የሚችል ሁለቱንም ያድርግ። ሣጥኗ ስትጮኽም መብራት ማብራት፣ ጎረቤትንና ዘበኛን መጥራት፣ ፖሊስ ዘንድ መደወል እንጂ ብቻን ወደ ጨለማ መሮጥ እንደማይገባ ለሦስቱም ቤቶች ነግረናል። የሰበታዋ እናት «ለልጄ ደግማችሁ ንገሩት» ስላሉን ሁለት ጊዜ ነግረነዋል።

እስካሁን ከሦስቱ ሣጥኖች አንዷም ሌባ አልያዘችም። የሰበታዋ ግን አንድ ሌሊት ጮኻ እማማ ልጃቸውን ቀስቅሰው፣ ልጁም ዘበኛውን ጠርቶ ቢሄዱ፣ የባጃጇ ባትሪ አንደኛው ሽቦ ተፈትቶ ሁለተኛው በግማሽ ላልቶ አገኙት። የሸሸውን ማንም አላየም። ባትሪው አሁንም አለ።

የሱሉልታው ማሰራጫ ባለፈው ሳምንት ዝናብ ገብቶበት ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ይገኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልንጠግነው ነውና ማየት የሚፈልግ ይምጣ። መበየጃ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫፉ አልቋል።